አንቀጸ ሕግ፦ የእንግሊዝ የሕግ ረድኦች ከውል እስከ ምዘና

በግእዝ «አንቀጽ» ማለት ደጅ፣ በር፣ መግቢያ ማለት ነው፤ አበው እመቤታችንን «አንቀጸ ብርሃን» ብለው ማመስገናቸውም ብርሃን የገባባት ደጅ መሆኗን ሲያስረዱ ነው። በሕግ መጻሕፍታችን ደግሞ ይኸው ቃል ቍጥር ተሰጥቶት ለብቻው የቆመ የድንጋጌ ክፍል መጠሪያ ሆኗል። ይህን የቃል ዝምድና ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ወደ ሕግ ሙያ ለመግባት የሚሻ ወጣት ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ከጌታው ጋር ሲዋዋልበት የኖረው ጽሑፍ በአገሩ ቋንቋ «አርቲክልስ»፣ ማለት «አንቀጾች» ይባል ስለ ነበረ፣ ወጣቱም በአንቀጽ የታሰረ ጸሓፊ ተብሎ ይጠራ ስለ ነበረ፣ የእኛ ግእዝ በአንድ ቃል ያዋሐዳቸውን ሕግንና ደጅን በዚያ ሩቅ አገር ታሪክ ውስጥም ተዋሕደው ስላገኘኋቸው ነው።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣችኝ በለንደን ተወልዳ ያደገች የዘመዴ ልጅ ናት። ሕግ ታጠናለች፤ በሰኔና በሐምሌ የትምህርት ዕረፍት ለጥቂት ሳምንታት በአንድ የሕግ ቢሮ ገብታ ለመለማመድ ማመልከቻ ስትጽፍና ስትሰርዝ፣ በኮምፒዩተር የሚሰጠውን የማመዛዘን ፈተና ሰዓት ይዛ ስትለማመድ፣ ለቃለ መጠይቁም መልሷን በመስተዋት ፊት ቆማ ስትደግም ሰንብታ፣ አንድ ማታ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ምዘና ከእኔ የሚፈልገው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያች ሰዓት የሚረባ መልስ አልነበረኝም፤ የደጅን ጠባይ የሚያውቅ ደጁ እንዴት እንደ ተሠራ ያወቀ ሰው ነውና፣ መልሱን ከታሪክ ልፈልገው ተነሣሁ። ከዚህ በታች የማወሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ የሕግ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው በከፍተኛው ችሎት ቆሞ የሚከራከረው ባሪስተር ነው፤ ሁለተኛው ባለጉዳዩን ተቀብሎ የሚመክረው፣ ውል የሚያረቀው፣ ማስረጃ የሚሰበስበው፣ ክርክሩንም አሰናድቶ ለባሪስተሩ የሚያቀርበው፣ በጥንቱ አጠራር «አተርኒ»፣ በዛሬው «ሶሊሲተር» የሚባለው ነው፤ በአገራችን ነገረ ፈጅ የምንለውን ሰው በብዙ ነገር ይመስላል። ባሪስተሮች በለንደን ባሏቸው አራት ማኅበራት፣ ማለት በሊንከንስ ኢን፣ በግሬይስ ኢን፣ በኢነር ቴምፕልና በሚድል ቴምፕል፣ እንደ ገዳም ማኅበርተኞች በአንድ ማዕድ እየተመገቡ ሲማሩ፣ የአተርኒው ትምህርት ቤት ግን የጌታው ጽሕፈት ቤት ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው።

መንግሥት የዚህን ደጅ ቍልፍ ለመያዝ የጀመረው ገና በማለዳ ነው። በ1292 ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ከየአውራጃው ብልኆችና ለመማር ፈቃደኞች የሆኑ ሰዎች ለአተርኒነት እንዲመረጡ ዳኞቹን ባዘዘ ጊዜ፣ ለመላው መንግሥቱ 140 ሰው እንደሚበቃ ገምቶ፣ የቀረውን ለዳኞቹ ፈቃድ ተወው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በሄንሪ ራብዓይ ዘመን በ1402 የወጣው ሕግ ደግሞ፣ አተርኒዎች ሁሉ በዳኞች እንዲመረመሩ፣ ስማቸው በመዝገብ እንዲጻፍ፣ ምግባራቸውና ስማቸው የተመሰገነላቸው ብቻ ተቀባይነት አግኝተው በታማኝነት ለማገልገል እንዲምሉ ደነገገ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር በዚህ አለ፤ ሕጉ ከእውቀት ይልቅ ስለ ጠባይ አጥብቆ ይናገራል፤ የሰው ምሥጢር፣ የሰው ርስት፣ የሰው ክብር በእጁ የሚገባለት ሰው አስቀድሞ የታመነ መሆን አለበት የሚለው አሳብ የዚህ ታሪክ ሥር ነውና።

ይሁን እንጂ ሥሩ ተተክሎ ሳለ ግንዱ እስኪታይ ሦስት መቶ ዓመት ከሩብ ያህል ጠበቀ። የአተርኒዎች ቍጥር በዝቶ፣ ያልተማሩና በደሀ ነገር የሚነግዱ ሰዎች በችሎቱ ዙሪያ ተሰብስበው የሕዝቡ እሮሮ ስለ በረታ፣ ፓርላማው በ1729 አንድ ታላቅ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት፣ አተርኒ ወይም ሶሊሲተር ለመሆን የሚሻ ሰው ሁሉ በጽሑፍ ውል ገብቶ አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ ባለሙያ ሥር እንዲያገለግል፣ ከዚያም በዳኛ ፊት ተመርምሮ፣ መሐላ ፈጽሞ በመዝገብ እንዲጻፍ ታዘዘ፤ አንድ ጌታም በአንድ ጊዜ ከሁለት ረድእ በላይ እንዳይዝ ተከለከለ። ይህ የመጨረሻው ቃል የሕግ አውጪውን ልብ ይገልጻል፤ ረድእ ማለት በጌታው ዓይን ሥር የሚያድግ እንጂ በቍጥር የሚገዛ የጉልበት ሠራተኛ አይደለም ሲል ነውና። ከዚህ ሕግ በኋላ በ1733 ደግሞ የእንግሊዝ ችሎቶች የላቲን ጽሕፈታቸውን ትተው መዝገባቸውን በሕዝቡ ቋንቋ መጻፍ ጀመሩ፤ በአረብኛ ከተደረሰበት ከግብፅ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በአማርኛ በሚሟገት ሕዝብ መካከል በግእዝ ይነበብ የነበረውን ፍትሐ ነገሥታችንን የሚያውቅ ሰው፣ የዚያ ለውጥ ትርጉም አይጠፋበትም።

ውሉ ራሱ እንደ ቃል ኪዳን የሚነበብ ነበር። ረድኡ ጌታውን በትጋትና በታማኝነት ሊያገለግል፣ ምሥጢሩን ሊጠብቅ፣ መጽሐፉንና ሰነዱን ላያበላሽ፣ ያለ ፈቃድ ከሥራው ላይለይ ቃል ይገባል፤ ጌታውም በበኩሉ ሙያውን እንደ አቅሙ ሊያስተምረው፣ ዘመኑ ሲፈጸም በመዝገብ እንዲገባ ሊረዳው ይዋዋላል። ዕለት ዕለት የሚሠራው ግን ቀላል ነገር አልነበረም፤ መተየቢያ መኪና ባልነበረበት ዘመን ረድኡ ከጧት እስከ ማታ በዴስክ ላይ ጐንብሶ ረቂቅ ይገለብጥ ነበር፣ ርስት የሚተላለፍበትን ሰነድ በብራና ላይ ያለ ስሕተት ይጽፍ ነበር፣ መጥሪያ ያደርስ ነበር፣ በዳኞች ጽሕፈት ቤት ተራ ይጠብቅ ነበር፤ የታወቁትንም የውል ዓይነቶች በራሱ ደብተር እየገለበጠ ለነገ ሙያው ስንቅ ያስቀምጥ ነበር። ዜማውን በቃሉ፣ ድጓውን በእጁ እየጻፈ የተማረ ደብተራ ይህን የትምህርት ስልት ባየ ጊዜ ወንድሙን እንዳገኘ ያህል ይሰማው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እጅ በብዙ ድካም የጻፈውን ልብ በቀላሉ አይረሳውምና።

ነገር ግን ይህ ደጅ ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። ጌታው ረድኡን ለመቀበል «ፕሪሚየም» የሚባል የመግቢያ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ መንግሥትም ከ1794 ጀምሮ በውሉ ላይ የ100 ፓውንድ የቴምብር ቀረጥ ጣለበት፤ ይህም ለድኻ ቤተ ሰብ የማይታሰብ ሀብት ነበር። ኋላ ሁለት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ቤንጃሚን ዲዝሬሊ በ1821፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ በለንደን ከተማ በአንድ የሶሊሲተሮች ጽሕፈት ቤት ረድእ ሆኖ ሲገባ አባቱ 400 ጊኒ ከፍሎለት ነበር። እንደዚሁም በ1827 ቻርልስ ዲከንስ የሚባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በግሬይስ ኢን ከሚገኝ ጽሕፈት ቤት ገባ፤ ዳሩ ግን አባቱ ከሦስት ዓመት በፊት በዕዳ የታሰረ ሰው ስለ ነበረ፣ ልጁ በአንቀጽ የታሰረ ረድእ ሳይሆን ተራ ጸሓፊ ሆኖ በሳምንት ጥቂት ሽልንግ እየተከፈለው ይሠራ ጀመር። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሙያ ደጅ ቆመው ነበር፤ አንዱን ያስገባው፣ ሌላውንም በደጅ ያስቀረው የአባቶቻቸው ኪስ እንጂ የራሳቸው አእምሮ አልነበረም።

ዲከንስ ይህን አልረሳም። ከ1849 እስከ 1850 በየወሩ ባሳተመው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ባለታሪኩ በቤተ ክህነትና በባሕር ጉዳይ ችሎቶች ከሚሠሩ የሕግ ሰዎች ዘንድ ረድእ ሲሆን የተጠየቀው የመግቢያ ገንዘብ 1,000 ፓውንድ ነው። በዚሁ መጽሐፍ የሚገኝ አንድ ነገር ግን ለእኛ ጉዳይ ከገንዘቡ ይልቅ ያስደንቃል፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ወጣቱ አንድ ወር ያህል በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ ሥራው ይስማማው እንደ ሆነ እንዲያይ ይፈቀድለታል። ዛሬ የዕረፍት ጊዜ ልምምድ የሚባለው ነገር፣ ማለት ሁለቱ ወገኖች ሳይታሰሩ የሚተያዩበት አጭር ዘመን፣ በዚያን ጊዜም በልማድ የታወቀ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

ይህን ስናነብ የእኛው ደጅ ጥናት ትዝ ይለናል። በቀድሞው ዘመን ሹመት ወይም ፍርድ የሚሻ ሰው ከባለሥልጣኑ ደጅ እየቆመ፣ እየጠበቀ፣ ጠባዩን እያሳየ መኖሩን አባቶቻችን «ጥናት» ብለው መጥራታቸው ያለ ጥበብ አይደለም፤ ደጅ የሚጠና ሰው ደጁን ያጠናል፣ ደጁም እርሱን ያጠናዋል። የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ዳዊቱን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ ከመምህሩ ደጅ ሲደርስ የትውልዱ አገር ይጠየቃል እንጂ የመግቢያ ገንዘብ አይጠየቅም፤ የሚከፍለው በጉልበቱ፣ እንጨት በመልቀምና ውሃ በመቅዳት ነው። በዚህ በኩል የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ቤቶች ደጅ ከለንደን የሕግ ቤቶች ደጅ ይልቅ ለድኻ ልጅ ሰፊ ነበረ ብል እውነትን አላሳለፍሁም።

የእንግሊዝም ልብ ቢሆን ደጁ በገንዘብ ብቻ እንዲጠበቅ አልፈቀደም። በ1825 የተመሠረተውና በ1831 የንጉሥ ቻርተር ያገኘው የሶሊሲተሮች ማኅበር፣ በቻንስሪ ሌን አዳራሹን ሠርቶ፣ ለረድኦች የሕግ ንግግር እንዲሰጥ አደረገ፤ ከዚያም በ1836 የዳኞቹ ምርመራ ለስሙ ብቻ የሚደረግ መሆኑ ቀርቶ በጽሑፍ የሚሰጥ ፈተና እንዲተካው ሆነ። በ1860 የወጣው ሕግ ፈተናውን በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ ውል ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያ፣ በአገልግሎቱ መካከል የማእከል፣ በፍጻሜው የመጨረሻ ፈተና ሆነ፤ አሥር ዓመት ለሠራ ጸሓፊም ሦስት ዓመት ብቻ በረድእነት እንዲያገለግል ፈቀደለት። በ1877 ደግሞ የፈተናው ሥልጣን ለማኅበሩ ተሰጠ። ፈተናው ከመጣ ወዲህ ያልተማረ የሀብታም ልጅ በስም ብቻ የሚያልፍበት ዘመን አለቀ፤ ውሉና ገንዘቡ ግን ገና በስፍራቸው ስለ ነበሩ፣ ያልከፈለ ሰው ከፈተናው ወንበር የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ሆኖ ቆየ።

ከገንዘብም የሚከፋ ሌላ መዝጊያ ነበረ። ጉዊኔት ቤብ የተባለች፣ በኦክስፎርድ ሕግ ተምራ በ1911 በአንደኛ ማዕርግ ውጤት የፈጸመች ሴት፣ የሶሊሲተሮች ማኅበር ወደ መጀመሪያው ፈተና አላስገባሽም ባላት ጊዜ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆና ክስ መሠረተች። የሶሊሲተሮችን ሙያ የሚገዛው የ1843 ሕግ «ሰው» ይላል እንጂ «ወንድ» አይልም፤ ሴትስ ሰው አይደለችምን? የሚል ነበረ ክርክሩ። በ1913 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ደግሞ የይግባኙ ችሎት፣ ሴት ከጥንት ጀምሮ አተርኒ ሆና አታውቅም፣ ይህም ልማድ ሕግ ሆኗል ብለው ፈረዱባት። ይህ ፍርድ ሲነበብ ያሳዝናል፤ ደጁ ሁልጊዜ ተዘግቶ መኖሩ እንደ ተዘጋ ለመቅረቱ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧልና። የ1919 ሕግ የጾታን እገዳ ካነሣ በኋላ፣ በ1922 ታኅሣሥ ወር ካሪ ሞሪሰን የመጀመሪያዋ ሴት ሶሊሲተር ሆና በመዝገብ ተጻፈች፤ ጉዊኔት ቤብ ግን ከአንድ ዓመት በፊት ዐርፋ ስለ ነበረ፣ ያንኳኳችውን ደጅ ሌሎች ሲገቡበት ለማየት አልታደለችም። ደጅ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ላንኳኳው ሳይሆን ከኋላው ለመጣው ነው፤ የሚገባም ሰው ይህን ዐውቆ በትሕትና ሊገባ ይገባል።

የእኛም አገር ስም በለንደን የሕግ ቤቶች መዝገብ ውስጥ ተጽፏል። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በስደት በባዝ ከተማ በነበሩበት ዘመን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ዘንድ የነበረውን ገንዘብ ለማስመለስ በለንደን ችሎት ክስ አቅርበው፣ በ1938 የመጀመሪያው ዳኛ ፈረደላቸው፤ ይግባኙ ገና ሳይሰማ ግን የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በሕግ ስለ ተቀበለ፣ የይግባኙ ችሎት ፍርዱን ገለበጠው። ይህ ጉዳይ እስካሁን ድረስ በዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርት ይጠቀሳል፤ አንድ የሕግ ረድእ መዝገብ ገልባጭ ብቻ እንዳልሆነ፣ በእጁ የሚያልፈው ወረቀት የአንድ ሕዝብ መከራ ሊሆን እንደሚችል ለማስታወስ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ለእኛ የለም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። የመግቢያው ገንዘብ ልማድ ቀስ በቀስ ሞቶ፣ ቀድሞ ከፍሎ ይገባ የነበረው ረድእ ደመወዝ የሚከፈለው ሆነ። እስከ 1967 ድረስ አንድ የሕግ ሽርክና ከሃያ ሸሪክ በላይ እንዲኖረው አይፈቀድም ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው የኩባንያዎች ሕግ ይህን ወሰን ካነሣ በኋላ፣ ይልቁንም የለንደን የገንዘብ ገበያ በ1986 ከጥንቱ እገዳ ነጻ ሲወጣ፣ ቢሮዎቹ እየተዋሐዱ በመቶ የሚቈጠሩ ሸሪኮች ያሏቸው ታላላቅ ድርጅቶች ሆኑ። ሁለት ረድእ ብቻ ይይዝ የነበረ ጌታ ሁለቱን በዓይኑ አይቶ፣ ከአባታቸው ጋር ተነጋግሮ ይመርጥ ነበር፤ በየዓመቱ በዐሥሮች የሚቈጠሩ ወጣቶችን የሚቀበልና በሺህ የሚቈጠር ማመልከቻ የሚደርሰው ድርጅት ግን በዓይን ብቻ ሊመርጥ ስለማይችል ሚዛን ፈለገ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ «አንቀጾች» የሚለው ጥንታዊ ስም ቀርቶ «የሥልጠና ውል» ሲተካ፣ የዕረፍት ጊዜ ልምምድም ወደ ውሉ የሚያደርስ የታወቀ መንገድ ሆኖ ተተከለ።

ሚዛኑ ግን ከሕግ ቤት አልተወለደም፤ የአንደኛው ክፍል ምንጭ የአሜሪካ ትምህርት ቤት፣ የሁለተኛው ደግሞ የጦር ሰፈር ነው። ጉድዊን ዋትሰንና ኤድዋርድ ግሌዘር የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሰው የሰማውን ሁሉ ሳይመረምር መቀበሉ አሳስቧቸው፣ የማመዛዘን ኀይልን የሚለካ ፈተና አሰናዱ፤ የግሌዘር ጥናት በ1941 ታተመ። ፈተናው አምስት ክፍል አለው፤ ከተሰጠው ቃል ተነሥቶ ግምት መስጠት፣ በንግግር ውስጥ የተሸሸገውን ቅድመ ግምት መለየት፣ ከመነሻው ተነሥቶ የግድ የሚከተለውን ማውጣት፣ ማስረጃው የሚደግፈውን መደምደሚያ መተርጐም፣ የክርክርን ጥንካሬና ድካም መመዘን። በመጀመሪያው ክፍል መልሶቹ አምስት ናቸው፤ እውነት፣ እውነት ሊሆን የሚችል፣ ማስረጃው የማይበቃው፣ ሐሰት ሊሆን የሚችል፣ ሐሰት። ብዙ ወጣቶች የሚሰናከሉት በሦስተኛው ላይ ነው፤ ከውጭ የሚያውቁትን ነገር ይዘው ገብተው ያልተጻፈውን ያነባሉና። ዳኛ በግሉ በሚያውቀው ሳይሆን በመዝገብ በቀረበለት ማስረጃ ብቻ ይፈርዳል የሚለው የጥንት ሥርዓት በዚህ አጭር ፈተና ውስጥ እንደ ገና ሲታይ፣ የሕግ ቢሮዎች ለምን እንደ ወደዱት መረዳት አያስቸግርም።

ሁለተኛው፣ ማለት ዕጩዎችን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ቀኑን ሙሉ በልዩ ልዩ ሥራ መመዘን፣ የጦርነት ልጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የእንግሊዝ ሠራዊት መኰንኖቹን የሚመርጠው በአጭር ቃለ መጠይቅ፣ በተማሩበት ትምህርት ቤትና በቤተ ሰባቸው ስም ስለ ነበረ፣ ከተመረጡት ብዙዎቹ በሥልጠናው ሳይበቁ ይመለሱ ጀመር። ስለዚህ በ1942 የጦር ሚኒስቴሩ አዲስ የምርጫ ቦርድ አቋቋመ፤ ዕጩዎቹ ሦስት ቀን ያህል በአንድ ሰፊ ቤት እየኖሩ፣ በስማቸው ፈንታ ቍጥር እየተሰጣቸው፣ በጽሑፍ፣ በንግግርና በሜዳ ሥራ ይመረመሩ ነበር። ዊልፍሬድ ቢዮን የተባለው የአእምሮ ሐኪም ያመነጨው አንደኛው ፈተና መሪ የሌለው ጓድ የሚባል ነበረ፤ ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ፣ አለቃ ሳይሾም አንድ ሥራ ይሰጣቸዋል፤ የሚታየውም ሥራው መፈጸሙ ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ መታየትን እየፈለገ ለጓደኛው ሥራ መቃናት ምን ያህል እንደሚያስብ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዝ ሲቪል ሰርቪስ ይህን ስልት ወሰደው፤ በ1956 ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ሠራተኞቹን ያጠናበት ጀመር፤ ከዚያም ወደ ንግድ ቤቶች፣ ኋላም ወደ ሕግ ቢሮዎች ደረሰ። ዛሬ ስድስት ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንድ ምናባዊ የኩባንያ ሽያጭ ሲመክሩ፣ መዛኞችም ከዳር ሆነው ሲጽፉ የሚያይ ሰው፣ የዚያን የጦር ዘመን ቤት ጥላ ያያል።

የዛሬው ደጅ ጥናት እንግዲህ እንደሚከተለው ነው። ወጣቱ ለሰኔና ለሐምሌ ልምምድ ገና በመጸው ማመልከት ይጀምራል፤ በማመልከቻው ስለ ምን ይህን ቢሮ እንደ መረጠ፣ ስለ ምንስ ሶሊሲተር ለመሆን እንደ ፈቀደ ይጠየቃል። የቢሮውን ስም ለውጦ ወደ ሌላ ሊላክ የሚችል መልስ ዋጋ የለውም፤ ቢሮው የሠራውን ጉዳይ፣ የሚያገለግላቸውን ሰዎች፣ የሥልጠናውን ሥርዓት ያነበበ መሆኑ ከቃሉ ሊታወቅ ይገባል። በቃለ መጠይቁ ከሕይወቱ አንድ እውነተኛ ነገር እንዲተርክ ይጠየቃል፤ ችግሩ ምን እንደ ነበረ፣ ከእርሱ ምን እንደ ተፈለገ፣ ምን እንዳደረገ፣ ፍጻሜው ምን እንደ ሆነ በቅደም ተከተል የሚናገር ይመሰገናል፤ በሱቅ ገንዘብ ተቀባይነት የሠራ ወይም በቤቱ ታናናሾቹን ያሳደገ ልጅም ከዚህ ውስጥ የሚያወጣው ብዙ መልካም ነገር አለው። በጽሑፍ ፈተናው ብዙ ሰነድ ተሰጥቶት፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ዋናውን ከጥቃቅኑ ለይቶ ለባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ ምክር ይጽፋል፤ የቀድሞው ረድእ በአምስት ዓመት የብራና ጽሕፈት ያገኘውን ጥንቃቄ፣ የዛሬው በዚያች ሰዓት ከግድፈት በጠራ ፊደሉና በአሳቡ ንጽሕና ያሳያል። ልምምዱን ካገኘም በኋላ ምዘናው አያበቃም፤ በአንድ ባለሙያ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ሲሠራ፣ ያልገባውን ሲጠይቅ፣ ለጽሕፈት ሠራተኛዋና ለዘበኛው ሲናገር ሁሉ ይታያል።

ሚዛኑ ፍጹም ነው አልልም። ለፈተናው በገንዘብ የሚሰለጥን አለ፤ ወላጆቹ ሕግ ዐዋቂዎች የሆኑለት ልጅ ቋንቋውን ከማዕዱ ይማረዋል፣ የስደተኛ ልጅ ግን ከደጁ ደርሶ ነው የሚማረው። ቢሮዎቹም ይህን ተረድተው ብዙዎቹ የዕጩውን ትምህርት ቤት ስም ከመዛኞች ይሰውራሉ፣ ውጤቱንም ካደገበት ሁኔታ ጋር አስተያይተው ይመዝናሉ። ከመስከረም 2021 ጀምሮ ደግሞ ለሶሊሲተሮች ሁሉ አንድ ወጥ የብቃት ፈተና ተሠርቷል፤ የመጀመሪያው ክፍል እያንዳንዳቸው 180 ጥያቄ ያሏቸው ሁለት ፈተናዎች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ክፍል ተፈታኙ በተግባር እንዲመክር፣ እንዲጽፍ፣ እንዲከራከር ያደርጋል። ከዚሁ ጋር የሚፈለገው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ እስከ አራት በሚደርሱ ድርጅቶች ተከፋፍሎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ለድኻ በነጻ በሚመክር የሕግ ማእከል ያገለገለ ወጣትም አገልግሎቱ ይቈጠርለታል። ይህ ለደጁ መስፋት ታላቅ እርምጃ ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ዘመን ደርሷል። እስከ ቅርብ ጊዜ ጠበቃ ለብቻው ይሠራ ነበር፤ በእኛ አቈጣጠር በ2013 የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ፣ ቍጥር 1249፣ ጠበቆች በሽርክና የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ድርጅቶቹ ባደጉ ቍጥር ወጣቶቻችንም በደጃቸው ይሰለፋሉ፤ ያን ጊዜ ደጁ በምን ይጠበቅ? በዝምድና? በገንዘብ? ወይስ በሚዛን? እንግሊዞች ይህን ጥያቄ ለመመለስ ስንት መቶ ዓመት እንደ ፈጀባቸው አይተናል፤ እኛ የእነርሱን ስሕተት ሳንደግም ከፍጻሜው ልንጀምር እንችላለን። ሚዛን ስንሠራም አንድ ነገር እንዳንረሳ እለምናለሁ፤ በ1729 ሕግ አንድ ጌታ ከሁለት ረድእ በላይ አይያዝ የተባለው ረድእ በመምህሩ ዓይን ሥር እንዲያድግ ነበር። የተመረጠውን ወጣት በወረቀት ክምር መካከል ጥሎ የሚረሳ ቢሮ፣ ምርጫው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ውሉን አልፈጸመም።

ለዘመዴ ልጅ የሰጠኋትም መልስ ከዚህ የወጣ ነው። «ልጄ፣» አልኋት፣ «ቀድሞ ጌታ ረድኡን አምስት ዓመት አጠገቡ አስቀምጦ ሦስት ነገር ያይ ነበር፤ ያልተጻፈውን ሳታነቢ የተጻፈውን ታነቢ እንደ ሆነ፣ ማንም ሳያይሽ የተሰጠሽን ሥራ ትጠነቀቂለት እንደ ሆነ፣ ጓደኛሽ ሲናገር ታዳምጪ እንደ ሆነ። ዛሬ አምስቱ ዓመት ወደ አንድ ቀን ስለ ጠበበ፣ ሦስቱን ነገር በአንድ ቀን ሊያዩብሽ ይፈልጋሉ። ስለዚህ መልስ ብቻ አትሸምድጂ፤ እነዚህን ሦስቱን ዕለት ዕለት ልማድ አድርጊያቸው፤ በዚያ ቀን የምታሳዪው በሌላው ቀን የሆንሽውን ነው።» እርሷም ጥቂት ዝም ብላ፣ የልምምዱን ጥያቄ ከመጀመሪያው እንደ ገና ማንበብ ጀመረች፤ በዚህ ጊዜ ሰዓቱን አላየችም፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች ነበር።